ያልደረቀ ሸሚዝ

ባሏ የሞተባትና ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ውስጥ፣ ከከሰል ምድጃ በላይ የወንድ ሸሚዝ ተሰቅሎ ሲተን ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተሾመች ሰው ይህንኑ ቢያስብላት በወደደች። “በስተርጅና ውሽማ ያዘች” ብለው ቢያሟት፣ እሁድ ከብስራተ ገብርኤል ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ታልፋቸው ነበር፤ በሐሜት እስር ቤት የሚገባ የለም። ሸሚዙ ግን የመዝገቡ፣ የአንድ ልጇ ነው። መዝገቡ ደግሞ ሰፈሩ እንደሚያውቀው ኤርትራ ነው ያለው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ለአብዮታዊት እናት ሀገሩ ዘብ ቆሟል። እውነቱ ሌላ ነው። ምጽዋ ስትያዝ ከተበተነው ጦር አምልጦ፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ፣ በፋሲካ ማግስት የእናቱን በር አንኳኳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሷ በላይ ኮርኒስ ውስጥ ተኝቷል።

ኮርኒሱን የሠራው ሟች ባሏ ነው። አናጢ ስለነበረ፣ ጎረቤት ሁሉ አቡጀዲ ወጥሮ የአይጥ ኮቴ ሲቆጥር፣ እሱ ከሥራ የተራረፈ ሳንቃ እያመጣ ሰው የሚችል ኮርኒስ መታ። “ለማን ነው እንዲህ የምታጠብቀው፣ ማን ሊተኛበት?” እያለች ትቀልድበት ነበር። አሁን ከቁምሳጥኑ በላይ ያለችውን አንዲት ሳንቃ ገፋ አድርጋ ምግብና ውሃ በሰጠች ቁጥር ነፍሱን ይማረው ትላለች። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ታሰጣ የነበረው የመዝገቡን ልብስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ካልሲው ከቀሚሷ ጋር ተደባልቆ ደጅ ሊወጣ ሲል ለጥቂት ደረሰችበት። በዚያው ደንግጣ ምንም ነገር ደጅ ማስጣት ተወች። ሌላው ግቢ ሁሉ እንደ ባንዲራ የተለያየ ቀለም ሲያውለበልብ፣ የእሷ ገመድ ባዶውን ከረመ። ጥንቃቄ መስሏት ነበር። ሰው በጥንቃቄውም ይጠፋል ብሎ የነገራት አልነበረም።

የዚያን እሁድ ጠዋት ቀበሌው ነዋሪውን ስብሰባ ጠራ። የቀረ ሰው ከሕብረት ሱቅ ስኳር እንደማያገኝ ስለተነገረ የታመመም ተደግፎ መጥቷል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለዚያ ስብሰባ ማስፈራሪያ አያስፈልግም ነበር። ሌባ ሰፈሩን አማሮታል። ጫፉ ላይ መንጠቆ የታሰረበት ረጅም ዘንግ በአጥር ላይ እየሰደደ ከገመድ ላይ ልብስ ያነሳል። ዶሮ ይወስዳል፣ ድስት ከነወጡ ይዞ ይሄዳል፣ የሰዒድን ሱቅ የጀርባ ቆርቆሮ ገልጦ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ አግበስብሷል። የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ ምትኩ ራሱ ሁለት ሱሪ ተወስዶበት፣ የተረፈችውን ካኪ ለብሶ ነው መድረክ ላይ የወጣው። አዲስ ሱሪ ማሰፋት የወር ደሞዙን ሩብ ስለሚወስድበት እንደማይሞክረው ሁሉም ያውቃል። ሕዝቡ ንግግሩን የሚያዳምጠው ፊቱን ሳይሆን ከወገቡ በታች እያየ ነበር።

“ከዛሬ ጀምሮ ሰፈራችንን የምንጠብቀው እኛው ነን” አለ ምትኩ። በየመንገዱ ጫፍ ዱላ የያዙ ወንዶች በፈረቃ ሮንድ ይወጣሉ፤ ቀንም ማታም። የማያውቁትን ሰው ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ ሳይሉ አያሳልፉም። ሴቶቹ ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው፤ ተሾመችም ጎረቤቶቿ እንዳያዩዋት ደህና አድርጋ አጨበጨበች። ከዚያ ምትኩ የእድሩን ጥሩምባ ጠየቀ። ሌባ ሲታይ በጥሩምባ ይጠራ፣ ያን ጊዜ አንድም ሰው ቤቱ አይቀርም፤ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረ መድኅን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። “ጥሩምባው የሙታን ነው ልጄ። ሰው እሱን ሲሰማ ነጠላውን ነው የሚያነሳው፤ ዱላውን አይደለም” አሉ። ብዙ ክርክር ተደረገበት። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ከተነፋ ለቅሶ፣ አጭር አጭር ከተቆራረጠ ሌባ እንዲሆን ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጥሩምባ ነፊው ሞልቱ ሽማግሌ ነው፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። “ያቃተኝ ማስረዘሙ ነው እንጂ መቆራረጡንስ ሳልታዘዝም እየሠራሁበት ነው” ሲል ሕዝቡ ሳቀ።

የሳቁ ሙቀት ገና ሳይበርድ ነው ቀመሪያ የተነሳችው። የሰዒድ ሚስት ናት፤ ከተሾመች ጋር የሚለያቸው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። የልጆቿ ዩኒፎርምና ለዒድ ያሰፋችው ቀሚስ ተወስዶባት አንጀቷ አሯል። ስትናደድ ደግሞ መቀለድ ይቀናታል። “ይሄ ሌባ የሚፈራው የተሾመችን ግቢ ብቻ ነው። ምን እንዳስደገመችበት ትንገረንና እኛም እናስደግም!” አለች። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ መጀመሪያው አልቆየም፤ ከመሃል ተቆረጠና ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ከኋላ አንድ ሰው፣ “እውነትም የእሷ ግቢ ለምን አይሰረቅም?” ሲል ተሰማ። ሌላዋ መጋረጃዋን ቀንም እንደማትገልጥ አስታወሰች። ዳቦ የምትሸጠዋ ሴት፣ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ተሾመች እንደ ድሮው አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት ዳቦ መግዛት ከጀመረች ቆየች አለች። ቀመሪያ እጇ አፏ ላይ ቀረ። የሚሉት ለተሾመች ገባት። ሌባውን አብልታ የምታሳድር፣ የተሰረቀውን የምትሸሽግ እሷ መሆኗ ነው እንግዲህ።

ምትኩ በጭካኔ የሚታወቅ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሲያናግራት ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትዬ ተሾመች፣ እርስዎን አንጠረጥርም፤ ልጅዎ ግንባር ነው። ግን የሰው አፍ እንዲዘጋ፣ የተሰረቀ ዕቃ ፍለጋውን ከእርስዎ ቤት እንጀምራለን። ከምሳ በኋላ። ከላይ እስከ ታች ነው የምናየው።” ጋሽ ገብረ መድኅን፣ “ሐዘን ላይ ያሉት እነ ውዳሴ ቤትም ትገባላችሁ? ገና አርባ አላወጡም እኮ” ብለው ጠየቁ። ምትኩ፣ “ለቅሶ ቤት አንገባም ጋሼ፤ እኛም ሰው ነን” አለ። ተሾመች የሰማችው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተነገረው መፈክርም ሆነ የፈረቃ ድልድሉ በአጠገቧ አለፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቀመሪያ እየሮጠች ደረሰችባትና ጎን ለጎን ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች ብዙ ነገር አብረው አሳልፈዋል። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ አገንፍታለች፣ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በአንድ ባልዲ ተራ ይዘዋል። አንድ ነገር ብቻ ተሾመች በሆዷ ይዛባት ኖራለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ቀመሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ስታበስልና ስታጥብ ሰንብታ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ጮክ ብላ አላለቀሰችላትም። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዝም ነው። በሃይማኖታቸው ሙሾ ማውረድና መጮህ እንደማይፈቀድ ሰዒድ አስረድቷታል፤ ተሾመችም ገብቶኛል ብላለች፤ ልቧ ግን ዓመት ሙሉ አልገባውም። አሁን ግቢው በር ላይ ደረሱ።

“ለቀልድ ነው እኮ ያልኩት፣ ወላሂ” አለች ቀመሪያ።

“አውቃለሁ።”

“ይምጡና አይተው ይሂዱ። ምን የሚያስፈራሽ ነገር አለሽ?”

ተሾመች ዓይኗን ወደ መንገዱ ላከች። በመንገዱ ታችኛው ጫፍ ሰዒድ ራሱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል። በላይኛውም በኩል ሌሎች ቆመዋል። ሮንዱ ሥራ ጀምሯል። ሰፈሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ቤቷ ገብታ በሩን ከቀረቀረች በኋላ ወንበር ላይ ወጥታ ሳንቃውን ገፋችው። የመዝገቡ ፊት ከጨለማው ውስጥ ወጣ፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ከምጽዋ በረሃ ያመጣው ሳል እስካሁን አልለቀቀውም። ሲመጣበት ትራስ ነክሶ ነው የሚያልፈው። የሆነውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረችው። እሱም፣ “እንግዲያው ልውጣ። ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። አንቺ አትታሰሪብኝም” አለ። እጅ የሰጡ ኮብላዮች ምን እንደሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። ከመካኒሳ ወዲያ ያለች የአንዲት ሴት ልጅ እንዲሁ በሽማግሌ ተመርቶ ሄዶ እጁን ሰጥቶ ነበር። እናትየዋ ስንቅ ይዛ ብትሄድ፣ “ከእንግዲህ አታምጪ” አሏት። ተሾመች እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ዳሰሰች። ትኩሳት አለው።

“ከአሁን በኋላ የምትሰማውን ሁሉ አትመን” አለችው። “እኔ ምንም ብል፣ ምንም ብሆን፣ እንዳትንቀሳቀስ። ውሃው አጠገብህ ነው። ሳሉን ዋጠው።”

“ምን ልታደርጊ ነው እማዬ?”

ሳንቃውን መለሰችበት። ወንበሩን ወደ ቦታው አድርጋ ከገብርኤል ሥዕል ፊት ቆመች። ልትጸልይ ነበር የቆመችው፤ ቃሉ ግን እምቢ አላት። ሰው በልጁ ላይ በአፉ ክፉ አይናገርም። ልጇ ሲያስነጥሰው እንኳ “ይማርህ፣ ያሳድግህ” የምትል እናት፣ በሕይወት ያለ ልጇን ሞተ ብላ ልትጮህ ነው። ሟርት ነው፤ ራስን መርገም ነው። ቃሏ ተሰምቶ እግዜር “እንዳልሽው ይሁን” ቢላትስ? በጣም ፈራች፤ ቀበሌውን ከምትፈራው ይበልጥ ፈራች። ከውጭ የምትኩ ድምፅ ተሰማ፤ ምሳው አብቅቶ ከላይ ካለው ቤት ሰዎቹን ሰብስቦ ሲወርድ ነው። “ገብርኤል፣ አፌን እንጂ ልቤን አትስማ” ልትል አስባ፣ ደንግጣ “ልቤን እንጂ አፌን አትስማ” ብላ አረመችው። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ “ልጄን! መዝገቡን! ወየው ልጄን!” ብላ ጮኸች።

ጩኸቱ እንዴት እንደወጣላት እሷም አልገባትም። ከፋሲካ ወዲህ፣ አይደለም፣ ልጇ ከተወሰደ ወዲህ በሆዷ ያፈነችው ሁሉ ነው አንድ ጊዜ የወጣው። ሞልቱ በአጋጣሚ ከአጥሩ ጎን ነበር። የሟቹን ስም ሲሰማ ድሮ ኳሱን እያነሳ ያቀብለው የነበረው ልጅ ትዝ ብሎት እንባው ቀደመ። ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ ያንን አንድ ረጅም ሊነፋ ሞከረ። እያለቀሰ ነበርና ትንፋሹ ተቆራረጠ። ሰፈሩ የሰማው አጭር፣ አጭር፣ አጭር ነው።

ከሁለቱም ጫፍ ሰው ጎረፈ። ወንዱ ዱላ፣ መጥረቢያና አካፋ ይዞ፣ ሴቱ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ “ያዘው! በየት ገባ? ክበቡት!” እያለ። በአንድ አፍታ ቤቱ ተከበበ። ሁለት ጎረምሶች ከኋላ በኩል ጣሪያው ላይ ሊወጡ አጥሩን ተቆናጠጡ። ተሾመች የአጥሩን ቆርቆሮ ኳኳታ ሰምታ፣ ይህንንስ እግዜር ነው ያመጣብኝ፣ በአፌ ጠርቼው መጣ አለች፤ ጩኸቷም ከዚያ በኋላ የማስመሰል መሆኑ ቀረ። ደረቷን እየደቃች አፈር ላይ ወደቀች። ቀድመው የደረሱት ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው። አንዴ አይተዋት ከዘራቸውን አነሱ። “ተመለሱ! ውረዱ ከዚያ! ሌባ አይደለም፣ ሞት ነው!” አሉ።

ጎረምሶቹ ከአጥሩ ወረዱ። ዱላ የያዘ ሁሉ ዱላውን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዳንዱ ከጀርባው ሸሸገው፣ አንዳንዱ አጥሩ ሥር አስደገፈው። ሴቶቹ ቆርቆሯቸውን መሬት አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ምትኩ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ወረቀት ሳይመጣ ማን አረዳሽ?” አለ። ከድንጋጤው የተነሳ “እርስዎ” ማለቱን ረስቷል። “ጓደኛው። ከጦሩ የመጣ” አለች ተሾመች ከመሬት ሳትነሳ። “የታለ ታዲያ? ሮንዱ መንገድ ላይ ነው፤ ማንም አልገባም እኮ።” ተሾመች ፊቷን ነጨች። ጋሽ ገብረ መድኅን ምትኩን በክንዱ ይዘው፣ “በሰው ሐዘን ላይ እንዲህ አይጠየቅም። ነገ ትጠይቃለህ። ግባና ተቀመጥ” አሉት። ምትኩ ገባና ተቀመጠ፤ ከቁምሳጥኑ ትይዩ፣ ከሳንቃዋ በታች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በልማዱ መንገድ ሄደ። እድርተኛው ድንኳንና አግዳሚ ሊያመጣ ወጣ። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው ደረት መምታት ጀመሩ። ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወረደ። የእነ ውዳሴ አክስት፣ “ልብሱን! እስቲ ልብሱን አምጡልን፣ ልየው!” አለችና ዓይኗን ስታማትር ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አገኘችው። ተሾመች ረስታዋለች። “ይኸውላችሁ! ይመጣልኛል ብላ አጥባ ስትጠብቀው!” ብላ አክስትየዋ ስትጮህ ቤቱ አንድ ላይ ተንሰቀሰቀ። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ እያንዳንዷ ፊቷን አበሰችበት። እርጥበቱን የእንባ ነው ብለው አለፉት። ተሾመች ዓይኗ ሸሚዙን ተከተለው። ደረቷን መምታት ረሳች። ሸሚዙ በመጨረሻ ቀመሪያ ጋ ደረሰ።

ቀመሪያ እንደ ልማዷ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ሸሚዙን ተቀበለችና ልትሳለመው ወደ ፊቷ አቀረበችው። ከዚያ እጇን ገታች። ልብስ ማጠብ የለመደ እጅ አይታለልም። የሸሚዙ ወፍራም ስፌት ሁሉ ገና ውሃ ይዟል። አንገትጌው ላይ ደግሞ ሳሙና ያላስለቀቀው የላብ ቅባት አለ፤ ከዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ የቆየ ልብስ አይደለም፣ ሰው ሰሞኑን የለበሰው ነው። ቀመሪያ ወደ ተሾመች አየች። ባዶው ገመድ፣ የማይገለጠው መጋረጃ፣ ዳቦው። ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ያሳቀችበት ነገር ምን እንደነበረ አሁን ገባት፤ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ሸሚዙን በቀስታ አጠፈችው፤ ከነጠላዋ ሥር ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ተሾመች ዓይኗን ከቀመሪያ ላይ ልትነቅል አልቻለችም። ይህች ሴት አንድ ቃል ብትናገር ልጇ አለቀለት። ባትናገርም ለቅሶተኛው በልማዱ መሠረት ዛሬ አይሄድም፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚሁ ወለል ላይ ነው የሚያድረው። ይህን አላሰበችውም ነበር። ፈታሾቹን በር ላይ ልመልስ ብላ ሰፈሩን በሙሉ ቤቷ አስተኛች። ሙሾ አውራጇ ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ባለች ጊዜ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ጸጥ ባለባት በዚያች ቅጽበት፣ ከላይ፣ ከሳንቃው ውስጥ፣ የታፈነ ሳል ተሰማ። አንዴ። ደግሞ ሁለተኛ።

ምትኩ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ኮርኒሱ አየ። ተሾመች ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሦስተኛው ሳል ጀመረ።

“ያ ረቢ! መዝገቡዬ! ወየው ልጄን!”

የጮኸችው ቀመሪያ ናት። ነጠላዋን ጥላ ብድግ አለች፤ ደረቷን ደቃች፤ ጭንቅላቷን ከቁምሳጥኑ ጋር አላተመች። ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ያላወጣችውን ድምፅ አወጣችው፣ ለባሏም ለሃይማኖቷም ሳትሳቀቅ። ሰዒድ ከደጅ፣ “ቀመሪያ! ምን ነካሽ አንቺ?” እያለ ሲገሰግስ ተሰማ። ዝም በማለት የምትታወቀው ሴት እንዲህ ስትሆን ያየ ሰው ሁሉ አብሯት ጮኸ፤ ቤቱ የሰው ድምፅ የማይለይበት ሆነ። ምትኩ ዓይኑን ከኮርኒሱ አውርዶ እሷን ለመያዝ ተነሳ። እሱም ያለቅስ ነበር።

ቀመሪያ ከያዟት እጆች አመለጠችና ተሾመች አንገት ላይ ወደቀች። ሸሚዙ በመካከላቸው እርጥብ ሆኖ ተሰማቸው። ቀመሪያ አፏን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች።

“የልጆቹ የሳል ሽሮፕ ቤት አለኝ” አለቻት። “ሲመሽ በቡና ጀበና አድርጌ አመጣዋለሁ። አሁን አልቅሺ፣ አታቁሚ።”

ተሾመችም አለቀሰች።